የቃሬዛው ጠፍር

ሰነፍ ነው እንዳትሉኝ። የተሰበረ ነገር ካየሁ እጄ አያርፍም፤ የባልዲ እጀታ በሽቦ፣ የበር ማጠፊያ በጎማ፣ የሬዲዮ ክዳን በፕላስተር አስራለሁ። ባለቤቴ አመተ ማርያም «አንተ ያሰርኸው ሳያድር ይፈታል» እያለች ትስቅብኛለች። እኔም አብሬያት እስቅ ነበር።

መንደራችን ከአምበር ወዲያ፣ መኪና የማይደርስበት ነው። በሽተኛም ሆነ ምጥ የያዛት ሴት እስከ አስፋልቱ የምትሄደው በቃሬዛ ነው፤ ለዚህ ማኅበር አለን፣ አባወራው ሁሉ በተራ ትከሻውን ይሰጣል። ሁለት አጠና በጠፍር የተጠላለፈበትን ቃሬዛ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ጠፍሩ በየዓመቱ ይታደሳል። ለፋሲካ ቅርጫ የታረደው በሬ ቆዳ ለጠባቂው ይሰጥና እሱ ወጥሮ፣ አድርቆ፣ ጠፍር ያወጣል።

ዘንድሮም ቆዳውን ተቀበልሁ። ነገ እወጥረዋለሁ፣ ነገ እወጥረዋለሁ ስል ዝናብ መታው፣ ሸተተ፤ ሰው ሳያየኝ ገደል ከተትሁት። አሮጌው ጠፍር ደግሞ እዚህም እዚያም ተበጥሷል። ማኅበርተኛውን ሰብስቤ «ቆዳችሁን አበሰበስሁት» ማለት ሞት መሰለኝ። ስለዚህ አምበር ወርጄ ሙሐመድአሚን ሱቅ ገባሁና ኬብል ታይ የሚሏትን የፕላስቲክ ማሰሪያ አነሣሁ። ጥርስ አላት፤ አንዴ ከገባች ወደ ኋላ አትልም። ከአሮጌው ጠፍር ጋር እንድትመሳሰልልኝ ጥቁሯን መረጥሁ።

«ለምንዎ ነው ጋሼ?» አለኝ ሙሐመድአሚን።

«ለቃሬዛ።»

«ኧረ ይተዉ! ይቺ እኮ የመብራት ገመድ መሰብሰቢያ ናት፤ ሰው አትችልም። ደህና ገመድ ልስጥዎ።»

ገመድ ቢታይ ቆዳውስ የት ገባ መባሉ አይቀርም። «አንተ ሽጥ እንጂ አትምከረኝ» ብዬው ወጣሁ። ቤት ገብቼ የተበጠሰውን ሁሉ ጫፍ ለጫፍ እየገጠምሁ አሰርሁ። ራሴ ተኝቼ ሞከርሁት፤ ቻለኝ። ኮራሁ እንጂ አላፈርሁም።

ነሐሴ ላይ የጎረቤታችን የየብርጓል ምጥ ጠናባት። አራት ሆነን ተሸከምናት። ከፊት ወንድሟ እንዳላማው አለ፤ እኔ ከኋላው ነበርሁ። ቁልቁለቱን ስንጀምር ጣ ጣ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የቃሬዛው መሀል ተከፈተ፣ ሸክሙ ወደ አንድ ጎን አጋደለ፣ እንዳላማው ያኔ በጉልበቱ ጭቃው ላይ ወደቀ። የብርጓል በጎኗ ድንጋዩ ላይ አረፈች። መጀመሪያ ማሰሪያው፣ ቀጥሎ እንዳላማው፤ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

እሱ ግን «እግሬ ከዳኝ! እህቴን ጣልኋት!» እያለ ጮኸ። ሰዉ ጭቃውንና ጉልበቱን አይቶ አመነው። እኔ የተበጠሱትን ማሰሪያዎች ለቅሜ ኪሴ ከተትሁ። እሷን በጋቢ አንጠልጥለን አስፋልቱ ላይ ለሚጠብቀው አምቡላንስ አደረስናት። በማግሥቱ ልጇ ሞቶ ተወለደ። ሐኪሙ «ከመውደቋም በፊት ታፍኖ ሊሆን ይችላል» ብሏል አሉ። ይህችን ቃል ስንት ጊዜ እንደተደገፍኋት እኔ አውቃለሁ፤ አንድም ቀን አልቻለችኝም።

የብርጓል ከጤና ጣቢያ እንደተመለሰች፣ ልንጠይቃት በተሰበሰብንበት ወንድሟ ገባ። እሷም ተነሥታ «እንደኔ ባዶ እቅፍ ይስጥህ! የልጅህን ለቅሶ እንጂ ሳቁን አትስማ!» ብላ ረገመችው። ሚስቱ ጥሩብርሃን ያኔ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እንዳላማው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔው እያደር ደፈረሰ። ዛሬ እናገራለሁ ያልሁት ነገ፣ ነገ ያልሁት ሳምንት ሆነ፤ ልክ እንደ ቆዳው።

መስከረም ላይ ሽማግሌዎች ሊያስታርቋቸው ደጀ ሰላሙ ሥር ሰበሰቡን። እንዳላማው እንደ ደንቡ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ እህቱ እግር ሥር ተንበረከከ። የብርጓል ብዙ አልቅሳ «ለእግዜር ብዬዋለሁ» አለች። ድንጋዩን የሚያወርደውም፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» የሚለውም አብረውት ከተሸከሙት በዕድሜ የሚበልጠው ነው።

«አካለ ወልድ፣ በል አውርድለት» አሉኝ።

አወረድሁለት። ማጅራቱ ተልጦ ነበር። «እግዚአብሔር…» አልሁና አቋረጥሁ። ይህን ሰው ከምን ልፍታው?

«እሱ አልጣላትም» አልሁ። «የጣልኋት እኔ ነኝ።» ቆዳውን፣ የሙሐመድአሚንን ምክር፣ ማሰሪያውን፣ ኪሴ የከተትሁትን ሁሉ ተናገርሁ። እንዳላማው ከተንበረከከበት ቀና ብሎ አላየኝም። ቢመታኝ በወደድሁ።

የብርጓል ወደ እኔ መጣች። ትተፋብኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ።

«ጋሽ አካለ ወልድ» አለችኝ ድምፅዋን ሳታነሣ፤ «ልጄን እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሣ እላለሁ። ወንድሜን ስረግመው ግን አጠገቤ ነበሩ። አፌን ለምን አልያዙልኝም?»

መልሴን ሳትጠብቅ፣ ገፋ ያለ ሆዷን ይዛ ወደ ቆመችው ወደ ጥሩብርሃን እጇን ዘርግታ ሄደች። ጥሩብርሃን ሆዷን በሁለት እጇ ሸፍና ወደ ኋላ ሸሸች።