መረቡ ከአፋፉ ሲያልፍ

ከወደቡ ብዙም ሳይርቅ ባሕሩ ሥር ገደል አለ። ላዩን ላየው ሰው ውኃ ብቻ ነው፤ ታቹ ግን አሸዋው ድንገት ተቆርጦ ጨለማ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ጨለማ ቀዝቃዛ ውኃ ምግብ ይዞ ይወጣል። ትንንሹ ዓሣ አፋፉ ላይ ይርመሰመሳል፣ ትልቁ አፉን ከፍቶ ይከተለዋል። አጥማጁም ያው ነው፣ አፋፉን አይለቅም።

አፏ ስለማያርፍ ሰፈሩ «ወፍጮ» የሚላት ባለጀልባ ከልጇ ባል ጋር ወጥታለች። እዚያ መረብ ሲጣል ደንቡ ዝም ማለት ነው፤ የእርሳስ ክብደት የታሰረበትን ገመድ የያዘው ሰው የባሕሩን ወለል የሚያውቀው በመዳፉ ነዋ። ገመዱን የያዘችው እሷ፤ ዝም ማለት ደግሞ የት ታውቅና!

«እማማ፣ ወደ አፋፉ በጣም የተጠጋን መሰለኝ።»

«አንተ ደግሞ ፈሪ! ልጄን ስታገባ እንዲህ አልፈራህም።»

«ያኔ እርስዎን አላወቅሁማ!»

እሱ ሲስቅ፣ እሷ መልስ ስትፈልግ፣ ወለሉ ከመዳፏ ጠፋ። መረቡ አፋፉን አልፎ ተንሸራተተ፤ የገደሉ ግድግዳ ላይ የበቀለው፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረው ኮራልም ጨምድዶ ያዘው። የጀልባዋ ኋላ ወደ ውኃው ተጎተተ።

«ልቁረጠው?»

«እንዳትነካው! ሌላ መረብ የለንም። የውኃው ግፊት ሲዞር ይለቀዋል።»

ተቀመጠች፣ ተነሣች። ባልዲውን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠችው። ገመዱ ሲጥ ሲጥ ይላል። ውኃው አልዞር አለ። አንድ ማዕበል በኋላ በኩል ዘሎ ገባና ጉልበታቸው ደረሰ። አማቿ ውኃውን በባልዲ እየቀዳ ይደፋ ጀመር። ልጇ እርጉዝ ናት፤ ቤት ሆና ትጠብቀዋለች። ያለ እሱ በየትኛው ፊቷ ትገባለች?

«ቢላዋውን ስጠኝ።»

«እኔ ልቁረጠው፣ እማማ።»

«ስጠኝ አልኩህ! ስለፈልፍ መረቡን ገደል የከተትኩት እኔ ነኝ።»

መረቡ ከታሰረባቸው ሁለት ገመዶች ክርር ያለውን ቆረጠችው። ጀልባዋ ዘልላ ተስተካከለች። በቀረው ገመድ ተጋግዘው ሲስቡ ቁራጭ መረብ ወጣ፤ የተሰበረ ነጭ ኮራል፣ እሱን ሙጥኝ ያለ ቀይ ሸርጣን፣ ከጥልቁ ሲወጣ ዓይኑ የፈጠጠ ጥቁር ዓሣ።

«ይኸው፣ እራት!» አለ አማቿ።

አልሳቀችም። ሸርጣኑን ፈልቅቃ ወደ ባሕሩ ጣለችው፣ ሞተሩንም አስነሥታ መሪውን ለእሱ ለቀቀችለት። ወደብ እስኪደርሱ አልተቀመጠችም፤ ዞራ ዞራ ወደ ኋላ ታያለች። እዚያ ታች የቀረው መረብ፣ የሚያወጣው በሌለበት፣ ዓሣ መያዙን አይተውም።

«ምነው ዝም አሉ?» አላት።

«መንዳትህን ንዳ» አለችው።