የድርቤ ክኒን በአርጆ ዳገት

ድርቤ ሦስት ቀን በወባ ስትቃጠል ቆይታ ጎህ ሲቀድ አረፈች። ወንድሟ ጨመዳ አልቅሶ እንኳ ሳይወጣለት የአርጆ ሽማግሌዎች ጠሩት።

«ፊትህን ታጠብና ነቀምት ውረድ፤ ባሏን ይዘህ ና። ታማለች በለው እንጂ ሌላ ቃል እንዳትተነፍስ። መርዶ በመንገድ አይነገርም፤ ቤቱ ደርሶ በወገን መሀል ይስማ። ቀብሩም ይጠብቀዋል» አሉት።

እሺ አለ፤ ሌላ ምን ይበል? ግን እስቲ ፍረዱ፣ የገዛ እህቱ የሞተችበት ሰው ፊትህን ታጠብ ይባላል?

ባሏ ነመራ ነቀምት፣ በከኒሳ ቀሴ በሚባል ሰፈር ልብስ ሰፊ ነው። በወባ ታማለች ሲባል ጨርቁን ከመርፌው ሥር እንደተወጠረ ጥሎ ሐኪም ቤት ሮጠ። የሐኪሙን ረዳት፣ ድሬሰሩን፣ ለምኖ ክኒን ይዞ ወጣ።

«ይሽላታል፣ አይደል ሶዳ?» አለ። አማቾች ናቸውና ሁልጊዜ ሶዳ ነው የሚባባሉት።

«ይሽላታል» አለ ጨመዳ።

ነመራ ብስክሌቱን አስጭኖ በጭነት መኪና ተሳፈሩ። ያቺ የተረገመች መኪና ደግሞ አርጆ ዳገት ሥር ስትደርስ ውሃዋ ፈልቶ ቀጥ አለች። ሰው ሁሉ እስክትበርድ ጥላ ፍለጋ ሲሄድ፣ ነመራ ብስክሌቱን አውርዶ ዳገቱን ተያያዘው። ጨመዳ ከኋላ እየገፋ ተከተለ። ዳገቱ እንደሆነ ሲያዩት ያማልላል፤ ቆላው ከሥር አረንጓዴ ሆኖ ተዘርግቷል፣ ከላይ ዝግባው ደመና ውስጥ ገብቷል። ማን ልብ ብሎት!

ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ነመራን ጭኑን ጨምድዶ ያዘውና ወደቀ። ክኒኑን ከደረቱ አውጥቶ የጨመዳ ኪስ ውስጥ ከተተ።

«አንተ ንዳው። እኔ በእግሬ እደርሳለሁ።»

«አብረን ብንሄድ ይሻላል።»

«አብረን? እሷ እየተቃጠለች? እህትህ አይደለችም እንዴ? ምን ዓይነት ሰው ነህ!»

ጨመዳ ብስክሌቱ ላይ ወጣ።

መንገዱ ተጠማዝዞ ስለሚወጣ ታች ያለ ሰው ላይ ያለውን ያየዋል። ጨመዳ ዘግየት ባለ ቁጥር ነመራ ከሥር «ጀባዱ! በርታ ሶዳ!» እያለ ይጮኻል። ቢቆም ሊነቃበት ነው። ስለዚህ ከንፈሩን ነክሶ ረገጠ፤ ትንፋሹ እስኪያጥር፣ ለሞተች እህቱ መድኃኒት ሊያደርስ ያን ዳገት ቧጠጠ። በየጠመዝማዛውም ዞር እያለ እጁን አውለበለበለት።

አናቱ ላይ ሲወጣ የድርቤ ግቢ ወለል ብሎ ታየው። በለቀስተኛ ነጠላ ነጭ ሆኗል። ሬሳውም ደጅ ወጥቷል።

ከዚያ ወዲያ አልቻለም። ከነብስክሌቱ መሬት ላይ ተዘረረና «ወይኔ እህቴን! ወይኔ ድርቤን!» ብሎ ጮኸ፤ ከጎህ ጀምሮ ያፈነውን ሁሉ ጮኸ። ገደሉ ድምፁን ተቀብሎ ቁልቁል ይዞት ወረደ። ነመራ ትዝ ሲለው አፉን በሁለት እጁ ያዘ፤ ምን ዋጋ አለው። ከታች የሚጮኸው ጸጥ ብሏል።

ብስክሌቱን ጥሎ ቁልቁል ሮጠ። ነመራ እግሩን እየጎተተ ሽቅብ ሲመጣ አገኘው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ለምን ወረድክ?» አለው። «ክኒኑስ?»

«ሶዳ...»

«ዝም በል! ምንም አልሰማሁም» አለ ነመራ፤ የጨመዳን ደረት በሁለት እጁ እየገፋ ወደ ላይ ይመልሰው ጀመር። «ሂድ እንጂ! ሂድ፣ አድርስላት!»