እርጥብ የጽድ ሽብልቅ

ደምመላሽ የተሰደበበትን ቀን ከተወለደበት ቀን አብልጦ ያውቀዋል። ኅዳር 29 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ ጎባ፣ ባላምባራስ ዘውገ ቤት፣ የበዓለ ወልድ ማኅበር ላይ፤ ጠላው ሁለተኛ ዙር ዞሮ ሦስተኛው ሳይቀዳ። የተቀመጡበት አግዳሚ ወንበር አንድ እግሩ አጥሮ ሲንገጫገጭበት፣ አናጢ አይደል፣ እጁ አላስችል ብሎት ከኪሱ ስንጣሪ እንጨት አወጣና ሊሸጉጥበት ተንበረከከ። ባላምባራስ ከላይ ሆነው አዩት።

«እዩልኝማ! ዳዊት ደግሜያለሁ የሚለን ሰውዬ ከእግራችን ሥር ገብቶ ሲርመጠመጥ! ምነው ዳዊትህን ብትሸጉጠው? በዚያ እንኳ ለሰው በጠቀምክ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ማን ማን እንደሳቀ ደምመላሽ እስከ ዛሬ በስም ይቆጥራል። የነፍስ አባቱ አባ ተክለማርያም እንኳ አፋቸውን በነጠላቸው ከልለው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቷል። ዳዊቱን እንደሆነ በእውነት ደግሟል። የመንግሥት ትምህርት ቤትም ገብቶ አራተኛ ክፍል ደርሶ ነበር። አባቱ ሞቶበት መጋዝ ያዘ እንጂ፣ እንደ ጭንቅላቱማ ቢሆን ዛሬ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ወንበር ይዞ ማኅተም የሚመታው እሱ ነበር። ይህን ለሚሰማውም ለማይሰማውም ይናገራል።

እንዲህ ሲብሰለሰል አራት ዓመት አለፈ። በ1957 ጥር 18 ቀን ባላምባራስ አስጠሩት። ወደውት አይደለም፤ ሌላው አናጢ ሥራ በዝቶለት ወደ ሮቤ ስለሄደ ነው። የጎባ ክረምት የቤታቸውን የማዕዘን ቋሚ ከእግሩ አበስብሶት፣ ቆርቆሮው በአንድ ወገን እንደ ሰካራም ባርኔጣ ተንጋዷል።

«የዚህ ወር ማኅበር የኔ ተራ ነው» አሉት። «እስከ ሃያ ዘጠኝ ቀጥ አድርገህ ካቆምክልኝ ከጎኔ አስቀምጬ፣ በማኅበርተኛው ፊት ‹አናጢ ማለት ይህ ነው› እልሃለሁ።»

ሌላ ነገር ቢሰጡት እንዲህ አይገዛም ነበር። ያቺ አንዲት ቃል፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት፣ በእሳቸው አፍ! ደምመላሽ አራት ዓመት ሙሉ የፈለገው ሌላ ምን ነበር?

ሥራው ለሚያውቀው ከባድ አይደለም። ጣሪያውን በባላ ደግፎ ያነሡታል፤ የበሰበሰውን የቋሚ እግር በመጋዝ ይቆርጡታል፤ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ በድንጋዩና በቋሚው መካከል ሁለት ሽብልቅ ፊት ለፊት አናክሶ በመዶሻ መምታት ነው። ሽብልቆቹ እየተጋፉ ሲገቡ ቤቱን ጥቂት በጥቂት ሽቅብ ይሸከሙታል። ታዲያ ሽብልቁ የደረቀ ወይራ መሆን አለበት። እርጥብ እንጨት ዛሬ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል፤ ሲደርቅ ግን ይከሳል፤ ሲከሳ ይላላል።

እንጨት ነጋዴው ዘይነዲን አንገቱ ከሚባለው አገር የደረቀ ወይራ ያስጭን ነበር። «ወላሂ አለኝ፤ በቅሎዎቹ ግን የሚገቡት የፊታችን ዓርብ ሳይሆን የሚቀጥለው ነው» አለው።

ደምመላሽ ይህንኑ ለባላምባራስ ነገረ።

«ከአንገቱ ወይራ እስኪመጣ ቤቴ ተንጋዶ ይጠብቅልህ? ጓሮዬ ጽድ ሞልቶ! ቁረጥና ምታ!»

«ጌታዬ፣ እርጥብ ጽድ በዚህ በጥር ነፋስ ቶሎ ይሟሽሻል። ጧት ጧት ካልመታሁት ቤቱን ይለቀዋል።»

«ጧት ጧት እየመጣህ ምታዋ! ማን ከለከለህ?»

እሺ አለ። እሺ ማለት እንዳልነበረበት ከአፉ ሳይወጣ ያውቀው ነበር። ግን ‹አናጢ ማለት ይህ ነው› የምትለዋ ቃል ጆሮው ውስጥ ገብታ መቀመጫ ነሥታዋለች።

ሐሙስ፣ ጥር 20፣ ሽብልቆቹ ገቡ፤ ቤቱ ቀጥ አለ። ባላምባራስ በከዘራቸው እየተመረኮዙ ሦስት ጊዜ ዞሩትና «እህ» አሉ። ለደምመላሽ ያቺም እህ ቀላል አልነበረችም።

ዓርብ መዶሻውን ይዞ ሲመጣ ዘበኛው ጉርሜሳ በር ላይ አቆመው።

«አካም ቡልቴ፣ ኦቦ ደምመላሽ። ዛሬ አስተርዮ ማርያም ናት። በግቢዬ የመዶሻ ድምፅ እንዳልሰማ ብለዋል ጌቶች።»

ቅዳሜ ቀዳሚት ሰንበት ሆነ። እሑድ ሰንበትም ጊዮርጊስም። ሰኞ ተክለሃይማኖት። የቀረው የጎባ ሰው ትልልቁን በዓል ያከብራል፤ ባላምባራስ ዘውገ ግን ትንሹንም አይንቁም። አራት ቀን ሙሉ ነፋሱ ከሳነቴ ተራራ እየወረደ ሽብልቁን ሲያደርቅ፣ ደምመላሽ በአጥር ቀዳዳ እያየ ከንፈሩን ሲነክስ ሰነበተ።

ማክሰኞ ገብቶ ቢነካው ሽብልቁ እንደ ልጅ የወተት ጥርስ ተነቃነቀ። በዚያ ቀንም፣ ረቡዕም እስኪያልበው መታው። ቤቱ ተመለሰ። ሐሙስ ደግሞ መድኃኔዓለም ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አባ ተክለማርያምን ለመናቸው። «አባ፣ እርስዎ ቢነግሩልኝ?»

«ልጄ፣ ነፍስ የሚያድን ሥራ በሰንበትም ይፈቀዳል» አሉና ዞር ዞር ብለው አዩ። «ግን ባለቤቱ በዓሌን አታሽሩብኝ ካሉ እኔ ምን ልበል? ቤቱ የእሳቸው፣ ጽዋው እሳቸው ዘንድ።»

ዘይነዲን ይህን ሲሰማ ሳቀ። «ለኔ በዓል አይደለም አይደል? ና፣ እኔ ልምታልህ! አላህ በኔ አይቆጣ፣ ማርያምም አትቀየምህ!»

አብረው ሄዱ። ባላምባራስ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«መዶሻ መዶሻ ነው» አሉ። «የክርስቲያን ይሁን የእስላም ጎረቤት ምን ያውቃል? ዘውገ መድኃኔዓለምን ሻረ ይባላል እንጂ!»

«ጌታዬ፣ ቤቱ ይወርዳል» አለ ደምመላሽ። ሁለተኛ ጊዜ መናገሩ ነው። «ነገ አማኑኤል፣ ከነገ ወዲያ ማኅበሩ። ሦስት ቀን ሳይመታ ከሰነበተ ይወርዳል።»

«አታሟርትብኝ!»

ዓርብ በቅሎዎቹ ገቡ። የደረቀው ወይራ፣ ብረት የመሰለው፣ ደምመላሽ ደጅ ተራገፈ። ዳስሶ ተወው። ወደ ማታ እንደ ዋዛ የባላምባራስ ግቢ ገብቶ፣ ሰው እንዳያየው ጎንበስ ብሎ ሽብልቁን በመዳፉ ገፋው፤ በተረከዙም ገፋው። ምን ያደርጋል? ቤት በተረከዝ አይያዝም።

ሃያ ዘጠኝ ቀን ማኅበርተኛው ሞላ። ባላምባራስ ቃላቸውን አላጠፉም፤ ከጎናቸው አስቀመጡት። የዛሬ አራት ዓመት የሳቁት ሁሉ አሉ፤ በመካከሉ ከሞተ ከአንድ ጨው ነጋዴ በቀር። «ቆይ፣ ዳቦው ይባረክ፤ የምናገረው አለኝ» አሉ ባላምባራስ ጉልበቱን መታ እያደረጉ። ደምመላሽ ግን ጠላውን አልቀመሰም። ዓይኑ ማዕዘኑ ላይ ነው። ነፋሱ ሲነሣ ቆርቆሮው ይንሿሿል።

አባ ተክለማርያም ዳቦውን ሊባርኩ መስቀላቸውን ሲያነሡ ማዕዘኑ ቋቋ አለ። ደምመላሽ «ውጡ!» ብሎ ጮኸ። ቋሚው ድንጋዩን ስቶ ተንሸራተተ፤ ጣሪያው ክንድ ያህል ወረደ፤ የጭቃው ግድግዳ ተሰንጥቆ ጠላ ጋኑ ላይ ተደረመሰ። ሰው እየተረጋገጠ ወጣ። የማኅበሩ ጸሐፊ ትከሻ ተላጠ፤ ሌላው በእግዜር ቸርነት ደኅና ነው። ግቢው ውስጥ ሁሉም ነጠላውን እያራገፈ ቆመ።

ባላምባራስ አቧራ ለብሰው ነጭ ሆነዋል።

«ደምመላሽ!» አሉ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ እየሰማ። «አናጢው አንተ ነህ። ይወድቃል ብለህ ለምን አልነገርከኝም?»

ደምመላሽ አባ ተክለማርያምን አያቸው፤ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። ጉርሜሳን አየው፤ ጉርሜሳ የበሩን መቀርቀሪያ ይነካካል። ጩኸቱን ሰምቶ የመጣው ዘይነዲን ከአጥሩ ማዶ «ንገራቸው እንጂ ሰውዬ! አፍ የለህም?» ይላል።

አፍማ ነበረው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ባላምባራስ የተናገሩትን ቃል በቃል ያውቀዋል። ግን ከአጥር ማዶ ካለው ከዘይነዲን በቀር ማን ሊመሰክርለት? የእሳቸው ጥያቄ ከእሱ መልስ ቀድሞ የሁሉም ጆሮ ገብቷል።

ነጠላውን አጣፋና በሰዎቹ መካከል አልፎ፣ ከግቢው ወጥቶ ቁልቁል ሄደ።