አዝራር ጣሳ ውስጥ የተደበቀው ክኒን

ደመወዝ የሚከፈለኝ ለመጠርጠር ነው። በካፖርት ፋብሪካው የመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ ቆሜ ተሰፍቶ ያለቀውን ሁሉ እገለብጣለሁ። ካፖርት ከውጭ ሲያዩት ሁሉም ያምራል፤ ጉዱ ያለው ከውስጥ፣ ገበሩ ከስፌቱ ጋር የተያያዘበት ቦታ ላይ ነው። እዚያ ጋ ጨርቁ ተጨምድዶ ከተያዘ ለባሹ እጁን ባነሳ ቁጥር ይጎትተዋል። የሥራ ባልደረቦቼ «ፖሊሷ» ይሉኛል። ይበሉኝ።

ስለዚህ አልትራሳውንድ ያነሳኝ ባለሙያ «ንጹህ ነሽ፣ ምንም የለብሽም» ሲለኝ አላመንኩትም። በየወሩ ወገቤን የሚቆርጠኝ፣ ሽንት ቤት ስቀመጥ የሚወጋኝ፣ አንዴም ፋብሪካው ወለል ላይ ያስተኛኝ ነገር ምንም ሊሆን አይችልም። ከእሱ በፊት ያየኝ ሐኪም ደግሞ «ስትወልጂ ይለቅሻል» ብሎኛል። እምቢ ያለኝ እኮ መውለዱ ራሱ ነው። ካገባሁ ዓመታት ተቆጥረዋል። አማቴ አብረውን ስለሚኖሩ ወር በመጣ ቁጥር ዓይናቸው ሆዴ ላይ ነው። ባሌ መስታወት ገጣሚ ነው፤ ዝምተኛ ነው፣ ዝምታውንም እጠረጥረዋለሁ።

በመጨረሻ ያገኘኋት ሐኪም ወጣት ናት፤ ጥያቄ ታበዛለች። አልትራሳውንድ ሁሉንም ነገር አያሳይም አለችኝና የበሽታውን ስም ነገረችኝ፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ። ማህፀንን ከውስጥ የሚሸፍነውን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ይበቅላል፤ አንጀትም ላይ ይሁን የእንቁላል ከረጢት ላይ፣ ያገኘበት። በየወሩ ያብጣል፣ ይደማል፣ ደሙ ግን መውጫ የለውም። ሲቆይ የሆድ ዕቃን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል።

«እንደተያዘ ገበር?» አልኳት።

«ልክ እንደሱ» አለች። ቶሎ መስማማቷን አልወደድኩትም።

ለምን እንደሚመጣ በደንብ አይታወቅም፣ ነቅሎ የሚያጠፋ መድኃኒትም እስካሁን አልተገኘም አለችኝ። ሆድ ሳይከፈት በደም ምርመራ ብቻ የሚለይበትን መንገድ የሚፈልጉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ፈቃደኛ ከሆንሽ ትንሽ ደም ትሰጫለሽ? አለችኝ። እኔ ምርምር ሲባል ትዝ የሚለኝ አይጥ ነው። «ላስብበት» አልኳት፤ አልሰጥም ማለቴ ነበር። ለጊዜው በሽታውን የሚያበርድ ክኒን አዘዘችልኝ። ቀጥሎ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው ቀዶ ሕክምና ያደርጉልኛል፣ ከዚያ በኋላ ለመውለድ እሞክራለሁ። ትወልጃለሽ ብላ ግን ቃል አልገባችልኝም።

አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ ብዬ የክኒኑን ወረቀት ሳነብ ደሜ ፈላ። «የእርግዝና መከላከያ» ይላል። ልጅ አጣሁ ብዬ የሄድኩት ሴትዮ፣ ልጅ የሚከለክል ይዤ ልመለስ? ተመልሼ ሄጄ ፊቷ ላይ ልጥለው ምንም አልቀረኝም። ግን ወሩ ደርሶ ነበር፤ የዚያን ቀን ሕመሜን የማውቀው እኔ ነኝ። ዋጥኩት። የቀረውን የወዳደቁ አዝራሮች የማጠራቅምበት ጣሳ ሥር ደበቅኩት። አማቴ ቢያዩት ምን እንደሚሉ አልጠፋኝም፤ «ልጄን ስታታልለው ኖራለች» ነው የሚሉት። ባሌም ቢያምናቸው አልፈርድበትም። ትዳሬ ጣሳ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ሕመሙ ቀነሰ። መቀነሱንም ጠረጠርኩት።

አንድ ማታ ጣሳውን ስከፍት ክኒኑ ተገልብጧል። እኔ ጽሑፉን ወደ ታች ነው የማስቀምጠው፤ አሁን ወደ ላይ ነው። አንዱም ፍሬ ተፈልቅቆ ተወስዷል። ከዚያን ቀን ጀምሮ አማቴ ዝም አሉ። ዓይናቸው ከሆዴ ተነስቶ ፊቴ ላይ ሆነ። ከልጃቸው ጋር ወጥ ቤት ሲያንሾካሹኩ እደርሳለሁ፤ ስገባ ጸጥ ይላሉ። በቃ፣ ሊያባርሩኝ ነው። ዕቃዬን በሐሳቤ መሸከፍ ጀመርኩ፤ የትኛው ድስት የኔ እንደሆነ ሳይቀር ለየሁ።

የዕረፍት ቀኔ ላይ አማቴ ለሰርግ የሚለብሱትን ቀሚስ ለብሰው፣ ወዴት እንደሚሄዱ ሳይናገሩ ወጡ። ነጠላ ጫማ እንዳደረግኩ ተከተልኳቸው። አውቶቡስ ተሳፈሩ፤ ከኋላ ተሳፈርኩ። የወረዱት የት ነው? ሐኪሜ ያለችበት ሆስፒታል። ኮሪደሩን ይዘው ሄደው ያችኑ በር አንኳኩ። ክሱ እዚህ ድረስ ደረሰ አልኩ በሆዴ። መዝጊያው ልል ስለሆነ በሩ በደንብ አልተዘጋም። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ይሄ ክኒን ምራቴ የምትውጠው ነው። አንቺ ነሽ የሰጠሻት?»

«ስለ ሌላ ሰው ሕክምና ላወራዎት አልችልም፣ እናቴ።»

«ምራቴ ናት እኮ ነው የምልሽ።»

«ልጅዎም ብትሆን።»

እዚህ ላይ ሐኪሟን ገልብጬ አየኋት፤ ስፌቷ ደህና ነው።

«እሺ፣ ስለሷ አትንገሪኝ» አሉ አማቴ። «ስለኔ ንገሪኝ። ላጋልጣት ብዬ ነበር ክኒኑን ፋርማሲ የወሰድኩት። እዚያ የምትሠራው ልጅ፣ ለመከላከያ ብቻ አይደለም፣ እንዲህ ላለ በሽታም ይሰጣል ብላ ጠባዩን ስትዘረዝርልኝ የገዛ ታሪኬን የምታነብልኝ መሰለኝ። እኔም በየወሩ እየተንከባለልኩ ነው ያደግኩት። ልጄን ከወለድኩ በኋላ ሕመሙ ተመልሶ ጣለኝ፤ ሆስፒታል ወሰዱኝ፣ ስነቃ ማህፀኔ የለም። ባሌ ነው የፈረመው። ለምን እንደወጣ የነገረኝ ሰው የለም። የባሌ እናት ደግሞ መውለድ ጠልታ ያልሆነ ነገር ስትውጥ ነው የተበላሸችው ብላ አስወራችብኝ።»

«የዚያን ጊዜ ምርመራ ሳላይ ይሄ በሽታ ነበረብዎት ለማለት አልችልም» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። «ሊሆን ግን ይችላል።»

«የሷንም ታወጡታላችሁ?»

«እኔ ጋ ማንም ሰው ተነግሮት ራሱ ሳይፈቅድ ከአካሉ ምንም አይወጣም።»

አንጀቴን በሉት። በሩን ገፍቼ ገባሁ።

አማቴ ዘወር አሉ። «ተከተልሽኝ?»

«አዎ። እማማ፣ እርስዎ ሌብነት አይችሉበትም። ገልብጠው ነው ያስቀመጡት።»

«መነጽሬን አላደረግኩማ» አሉና መሐረባቸውን ፈለጉ።

ደሜን ሰጠሁ። በእርግጥ የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚያየው፣ ሲያበቃ ምን እንደሚሆን ሐኪሟን እስክትሰለች ጠየቅኳት። አማቴ ሐኪሟን «የኔንም ደም ቅጂ» ብለዋት ነበር፤ ጥናቱ ለወጣቶች ነው ስትላቸው አኮረፉ።

በመንገድ ላይ «ለልጄ ነግረሽዋል?» አሉኝ።

«አልነገርኩትም። ስታንሾካሹኩ እርስዎ የነገሩት መስሎኝ ነበር።»

«ሚስትህ የት ነው የምትታከመው ብዬ ነው የጠየቅኩት። ደግሞስ የቱን ልንገረው? አንድ ልጅ ይበቃኛል ብዬ ነው ያቆምኩት እያልኩ ያሳደግኩት ልጅ ነው።»

ማታ ባሌ ጥፍሩ ሥር የመስታወት ማጣበቂያ እንዳለ ገብቶ ቁጭ አለ። አማቴ ጣሳውን አመጡና ክኒኑን ከነወረቀቱ ፊቱ አስቀመጡት። አነበበ። የቱ መስመር ላይ እንደደረሰ ከፊቱ አወቅኩ።

«ትከላከያለሽ?» አለኝ። ድምፁ የሱ አይመስልም። «ይሄን ሁሉ ጊዜ?»

አፌን ስከፍት እናቱ ቀደሙኝ።

«መድኃኒቷ ነው። ያማታል። እኔንም እንዲሁ ያመኝ ነበር፤ ለኔ መድኃኒት የሚሰጠኝ ጠፍቶ ነው አንድ ወንድም እንኳ ያላገኘኸው።»

«አንድ ይበቃኛል ትይኝ አልነበር?»

«ዋሽቼህ ነው፣ ልጄ። አወጡብኝ።»

ባሌ እኔንም እናቱንም ተራ በተራ አየን። ብድግ ብሎ ውሃ ቀዳና ብርጭቆውን መጀመሪያ እሳቸው ፊት አስቀመጠው። ሁለተኛውን ለእኔ ሰጠኝ፤ ክኒኑን ሁለቱም እያዩኝ ዋጥኩት።