ባዶውን የማይመለስ ዋንጫ

አይናዲስ በዚያ ቅዳሜ አንድ ጭንቀት ብቻ ነበራት፤ ዋንጫው ከቤቷ ሊወጣ ነው፣ ተመልሶ ይመጣ ይሆን? ልጇ ዜማ የምትጫወትበት የአዲሰን ከተማ የሴቶች ራግቢ ቡድን አምና አሸንፎ ካመጣው ጀምሮ ሌዊስቪል ከተማ ባለው ሳሎኗ ውስጥ፣ ቡፌው ላይ ተጎልቶ ከርሟል። ዘንድሮም ከፕሌኖ ቡድን ጋር ለፍጻሜ ደርሰዋል። ደንቡ ግን በፍጻሜው ዕለት ዋንጫው ይመለስ ይላል።

እውነቱን ለመናገር አይናዲስ ራግቢ አይገባትም። ኳሱን ወደ ኋላ እየወረወሩ ወደ ፊት የሚሮጡበትን ምክንያት ጠይቃ ጠይቃ ትታዋለች። የዋንጫውን ታሪክ ግን ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ እንደ ዘመድ ታሪክ ነው የምትተርከው። መጀመሪያ ዋንጫ የሚባል አልነበረም። የሰፈር ቡድኖች ተጋጠሙና ላሸነፈው ቺሊ የሚሉት የሥጋ ወጥ ከነድስቱ ተሰጠው። በዓመቱ ድስቱን መልሰው ተጫወቱበት፤ ስሙም "የድስቱ ዋንጫ" ሆኖ ቀረ። ኋላ ድስቱ ከፒካፕ መኪና ላይ ሀይዌይ መሐል ወድቆ ሲጨፈለቅ ይኼ የብሩ ተገዛ። ጎኑ የተሰረጎደው አንዲት ተጫዋች በሰርጓ ዕለት ይዛው ስትጨፍር ጥላው ነው።

ያን ቀን ዜማ ሰውነቷን ለማሟሟቅ ቀድማ ሄደች። አይናዲስ ዋንጫውን አጠበችው፣ ወለወለችው፣ ከዚያ ቆም አለች። የሰው ዕቃ እንዴት ባዶውን ይመለሳል? ጎረቤቷ በሳህን ኬክ ብትልክላት ሳህኑ አንድ ነገር ሳይዝ ተመልሶ አያውቅም። እስከ አፉ ድረስ ዳቦ ቆሎ ሞላችበትና ክዳኑን ገጥማ ሄደች።

ሜዳው ዳር የውድድሩ ሰብሳቢ ሽማግሌው ዌይን ክዳኑን ከፈተና ፊቱ ተለዋወጠ። ለካ ከታሪኩ አይናዲስ ያልሰማችው አንድ ነገር አለ። አንድ ዓመት ቀልደኞች ዋንጫውን እባብ ከትተውበት መልሰውት ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ፊሽካ ሳይነፋ ባዶ ሆኖ ያልቀረበ እንደሆነ የመለሰው ቡድን በፎርፌ ይሸነፋል።

አይናዲስ ክው አለች። የልጇን ጨዋታ በገዛ እጇ ልታስቀርባት! ዳኛዋ ሰዓቷን አየች። አንዱ ዋንጫውን አንስቶ ወደ ቆሻሻ መጣያው ሲያመራ ግን አይናዲስ ዘልላ ዋንጫውን አቀፈች።

"እህል አይደፋም!"

ዜማ ቆሎውን የምትገለብጥበት ፌስታል ፍለጋ መኪናዋን ስትበረብር፣ የፕሌኖ አምበል ጊፍቲ መጣችና እጇን እስከ አንጓዋ ዋንጫው ውስጥ ነከረች።

"በፎርፌ? ኖ ዌይ! ኑ ብሉ!" ብላ ቡድኗን ጠራች።

ከዚያማ ምኑ ይወራል! ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ዋንጫ ተሻሙ። ተመልካቹ መዳፉን ዘረጋ፣ ዳኛዋም ፊሽካዋን ከአፏ አውጥታ ቃመች። ዌይን ጉንጩ ሞልቶ፣ የመጀመሪያው ድስትም ቢሆን ሙሉ ነበር እኮ አለ። ደንቡን እዚያው አሻሻለው፤ ከከርሞ ጀምሮ ሕይወት ያለው ነገር እስካልገባበት ድረስ ሞልቶም መመለስ ይችላል። ዋንጫው ተገልብጦ ባዶነቱ ሲረጋገጥ ጭብጨባው ቀለጠ፣ ፊሽካውም ተነፋ።

አዲሰኖች ግን ተሸነፉ። ያውም በመጨረሻዋ ደቂቃ፣ ዜማ የጊፍቲ እግር ላይ ተጠምጥማ እየተጎተተች፣ ጊፍቲ ኳሱን የግብ መስመሩ ላይ አስቀምጣ ነጥቡን ወሰደች። ዋንጫው ፕሌኖ ሊሄድ ነው። አይናዲስ እንደ ልጅ አለቀሰች።

ጊፍቲ ጭቃ በጭቃ ሆና ዋንጫውን ታቅፋ መጣች።

"አንቲ አይናዲስ፣ ሶ፣ ለከርሞ የምንመልሰው እኛ ነን አይደል?"

"እናንተ ናችሁ እንግዲህ።"

"ባዶውን ባመጣው እማዬ ትገድለኛለች። ዳቦ ቆሎ ደግሞ፣ ማለቴ፣ እሷም አትችልም። ያሳዩኛል?"

አይናዲስ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ዋንጫውን አየችው፣ ቡፌዋ ትዝ አላት።

"ቅዳሜ ቤት ነይ፣ አሳይሻለሁ። ግን ዋንጫውን ይዘሽ ነይ" አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። "ዱቄቱን የምለካው በእሱ ነው። በአንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ አይለመድም፣ መመላለስ አለብሽ።"

"ኦኬ!" አለች ጊፍቲ።

ዜማ ጉልበቷ ላይ በረዶ ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣለች። እናቷ ዱቄት የምትለካባትን አሮጌ የፕላስቲክ ጣሳ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃታለች፤ ግን ትንፍሽ አላለችም።