ያልጠፉት አጋዘኖች

በኛ አገር ገጠር አንድ ደንብ አለ፤ የመስክ በር እንዳገኘኸው ትተወዋለህ። ዝግ ካገኘኸው ዘግተህ ታልፋለህ፣ ክፍት ካገኘኸው ክፍት ትተወዋለህ። ይህን ለማያውቅ ሰው እዚህ እንግሊዝ፣ ቤድፎርድሺር ውስጥ ሻይ የሚቀዳለት የለም። እኔን ጉድ የሠራኝ ይኸው ጨዋነት ነው።

ባሌ ዊልፍሬድ የሎርድ ሃስልበሪ አጋዘን ጠባቂ ነበር። አጋዘን ስላችሁ ያ ባለ ግርማ ሞገሱ እንዳይመስላችሁ። ሎርዱ ከቻይና ያስመጣቸው፣ ቁመታቸው ከውሻ የማይበልጥ፣ ደግሞ እንደ ውሻ የሚጮሁ ጉዶች ናቸው። የምንኖርበት ቤት የሎርዱ ነው፤ አጋዘን ከጠፋ ቤቱን እንለቃለን። ውላችን እንዲህ ነበር። ከዚያ ከወጣን ደግሞ የምንጠጋበት የለንም።

አንድ ሰኞ ጠዋት የአጋዘኖቹ ግቢ ባዶ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ተገኘ። ሎርዱ መንደሩን ሰብስቦ ይጠይቅ ጀመር። ፖስተኛው ቅዳሜ ክፍት አግኝቶ፣ እንደ ደንቡ ክፍት ትቶ አልፏል። ቄሱም እሑድ እንዲሁ። አስተማሪዋማ አንዱ አጋዘን ሲወጣ አይታ፣ በሩ ላይ ቀድሟት ደርሷልና መንገድ ለቃለታለች። ሁሉም ሽልማት እንደሚጠብቅ ሰው ደረቱን ነፍቶ ነው የሚናገረው።

የባሌ ተራ ደረሰ። እሑድ ማታ ክፍት አግኝቶ ክፍት እንደተወው ተናገረ።

«አንተ እኮ ጠባቂው ነህ» አልኩት፤ አመለጠኝ።

«ታዲያ ጠባቂ ስለሆንኩ ባለጌ ልሁን?»

ታዲያ መጀመሪያ ማን ከፈተው? ዓርብ ጠዋት ባሌ በእጁ ዘግቶታል። ከዚያ እስከ ፖስተኛው ድረስ በዚያ በር ያለፈ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ራሱ ሎርዱ፣ በፈረስ። ዝግ አግኝቶ፣ ከፍቶ፣ ሳይዘጋ ሄዷል። አጋዘኖቹን ሁሉም ረሳቸው። ቄሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር። እንዲህ ያለ ነውር ሎርድ ፊት አይነሣም።

ሎርዱ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «አንድም አጋዘን አልጠፋም» አለ በመጨረሻ። «ሁሉም ግቢዬ ውስጥ ናቸው። ግቢዬ ትንሽ ሰፍቷል እንጂ።»

ሁሉም እፎይ አለ። ቤቴ ተረፈ! የሎርዱን እጅ ልስም ምንም አልቀረኝ።

በማግስቱ ዊልፍሬድ ባልዲውን አንሥቶ ወጣ። ያልጠፋ አጋዘን መቀለብ አለበታ! ከጫካ ጫካ፣ ከሰው ጓሮ እስከ ማዶው አውራጃ እየዞረ ያበላቸው ጀመር። ባይቀልባቸው የመጀመሪያው በረዶ ይፈጃቸው ነበር። እሱ ቀለባቸው፣ እነሱ ተዋለዱ፤ በተዋለዱ ቁጥር ራቁ፣ በራቁ ቁጥር እሱም ራቀ። መጀመሪያ በሳምንት አንዴ ይመጣ ነበር፣ ቀጥሎ በወር። ዘንድሮ ያየሁት ለገና ብቻ ነው፤ ያውም ካልሲ ሊቀይር።

«በቃህ፣ ተዋቸው» ብዬ ብለምነው፣ «ከተውኳቸውማ ጠፉ ማለት ነው፤ ቤትሽን ይወስዱብሻል» አለኝ። ለኔ ብሎ ነው እኮ።

ባለፈው ሳምንት ሎርዱ በደጄ ሲያልፍ ቆመ። ባርኔጣውን አንሥቶ፣ ቤቱ ይመቸኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ቤትህን ውሰድና ባሌን መልስልኝ ልለው አፌን ከፈትኩ። ምን ይሆናል፣ እኔም እዚሁ ነው ያደግሁት።

«በጣም ይመቻል፣ ጌታዬ» አልኩት።