ከአዘዞ እስከ ሃይፋ

ደመናው ሜዳው ላይ እንደ ተኛ ረፋዱ አራት ሰዓት ሆነ። ሸዋረጋ በአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኞች አዳራሽ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከንጋት ጀምሮ ተቀምጣለች። እግሯ አብጧል። ጫማዋን ማውለቅ አማራት፤ አንዴ ከወለቀ ግን ተመልሶ የሚገባ አልመሰላትም።

መንገዱን በቃሏ ታውቀዋለች። ከጎንደር አዲስ አበባ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ቴል አቪቭ አራት ሰዓት፣ ከዚያ ሃይፋ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው የወለቃ መንደር ቤተ እስራኤሎች ወደ እስራኤል ሲሄዱ እናቷም ከሸዋረጋ ታናሽ ወንድም ከአላምረው ጋር ሄደች፤ ሃያ አንድ ዓመት ሆነ። የሸዋረጋ ወረቀት የተሟላው ግን ገና ባለፈው ሳምንት፣ እናቷ ሆስፒታል ከገባች በኋላ ነው። ዛሬ ዓርብ ነው። እንደ ታሰበው ቢሆን ኖሮ ከቀትር በኋላ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ እናቷ አልጋ አጠገብ ትሆን ነበር።

የትኬት ሠራተኛዋ ወንጌላዊት መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ደመናው አሁን ቢገለጥ እንኳ የቴል አቪቩ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ እንደ ተነሣ፣ ቀጣዩ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ እሑድ እንደሆነ ቀስ ብላ አስረዳቻት።

«የትኛውን ልያዝልዎ፣ እትዬ?»

ሸዋረጋ ሰዓቱን በልቧ ቆጠረች። ማታ ማለት ሰንበት ከገባ በኋላ ማለት ነው። በስድስት ዓመቷ ታማ በብርድ ስትንቀጠቀጥ፣ እናቷ በሰንበት እሳት አላነድም ብላ፣ ደረቷ ላይ ለጥፋ በገላዋ ሙቀት አሳድራታለች። ሰንበትን ሽሮ በዚያች ሴት ፊት መቆም እንዴት ይሆናል? እሑድ ደግሞ ሩቅ ነው።

አላምረው ደወለ። ድምፁ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፅ ነበር። ሐኪሞቹ እስከ ነገ ማታ እንኳ ተስፋ እንዳልሰጡ ነገራት፤ በሰንበት መጓዝ ይፈቀድልሽ እንደሆነ ቄሳችንን ልጠይቅልሽ ወይ አላት። እንዳይጠይቅ ለመነችው። የምትፈራው መልሱን ነበር፣ የትኛውንም መልስ። ስልኩን እናታቸው ጆሮ ላይ እንዲያደርግላት ብቻ ጠየቀችው።

«እምዬ፣ እኔ ነኝ። ሸዋ።»

ብዙ ቆይቶ የደከመ ድምፅ መጣ። «የት ነሽ?»

«አዘዞ።»

ድሮ እናትና ልጅ ወለቃ ሳሉ የሠሩትን ሸክላ በጀርባቸው አዝለው አዘዞ ገበያ ይወጡ ነበር፤ ማለዳ ወጥተው በእግራቸው ለማታ ይመለሳሉ።

«አዘዞማ ቅርብ ነው» አለች እናቷ። «ሸክላው ካልተሸጠ ትተሽው ነይ። ሰንበት ሳይገባ ትደርሻለሽ።»

እናቷ ሃይፋ መሆኗን ረስታለች፤ ወለቃ ደጃፏ ላይ ቆማ መንገድ መንገዱን እያየች ነው።

«እሺ እምዬ። መንገድ ላይ ነኝ።»

ፓስፖርቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ለወንጌላዊት ዘረጋችላት። «የማታውን» አለቻት። ልጅቷ ተቀብላ ወደ መስኮቷ ሄደች።

ሸዋረጋ ስልኩን አልዘጋችም። ከወዲያ በኩል ንግግር አልነበረም፤ ትንፋሽ ብቻ። ይመጣል፣ ይዘገያል፣ ደግሞ ይመጣል። እሷም ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ በዘገየ ቁጥር ዝቅ ባለ ድምፅ «መጣሁ» ትላለች፤ «መጣሁ»።